ውሃውን ከመሙላታችን በፊት የት እንደሄደ እንጠይቅ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

የማር ነጋዴ ነኝ። ከአዲስ አበባ ጅማ በወር ሁለት ጊዜ እመላለሳለሁ። ከወልቂጤ በኋላ ጊቤ ተወርዶ ወደ አበልቲ የሚወጣውን ዳገት የመንገዱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እዚያ ዳገት ላይ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጀሪካን አጠገቡ አስቀምጦ የቆመ መኪና ያላየሁበት ጉዞ ትዝ አይለኝም። አምና እኔም ቆሜበታለሁ።

መኪናዬ አሮጌ ፕራዶ ናት። ባለ 3 ሺህ ሲሲ ቱርቦ ናፍጣ፣ ዋን ኬዜድ የሚባለው ሞተር። ጠንካራ ሞተር ነው። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ግን አሉሚኒየም ስለሆነ ከልክ በላይ ከሞቀ ይሰነጠቃል። ይህን የማያውቅ መካኒክ የለም። ለዚህም ነው የራዲያተር ውሃ መቀነስ ስትጀምር የጠየቅኩት ሁሉ "እትዬ፣ ቴስታታ ነው" ያለኝ። አንድ ጋራዥ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ዋጋ ነገረኝ። ሌላው ደግሞ "ግድ የለም፣ ውሃ እየጨመሩ ይንዱ" አለኝ። አራት ወር ውሃ እየጨመርኩ ነዳሁ። በአራቱ ወር ውስጥ ውሃው የት እየሄደ ነው ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም። የምጽፍላችሁ ይህ ስለሚቆጨኝ ነው።

ከመኪናዋ ሥር ካርቶን አንጥፌ አደርኩ። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነበር። ፍንጭ የሰጠኝ ሽታው ነው። ዳገት ወጥቼ ስቆም የተቃጠለ ስኳር የሚመስል፣ ጣፈጥ ያለ ነገር ይሸተኛል። የእህቴ ልጅ ስልኩን ቪዲዮ ላይ አድርጎ ወደ ሞተሩ አየር አፍኖ በሚያስገባው በቱርቦው ጀርባ አሾለከው። እጅ የማይገባበት ቦታ ነው። እዚያ ካለች ቀጭን የጎማ ቱቦ ጫፍ ላይ፣ እንደ ደረቀ ሳሙና አረፋ ነጭና አረንጓዴ ቅርፊት ተጋግሯል። ሞተሩ ሲሞቅ የምታፈሰው ጠብታ የሚያርፈው ቱርቦው ላይ ነው። የጋለ ብረት ላይ ያረፈ ጠብታ መሬት ሳይደርስ ይተናል። ሌሊት ሲበርድ ደግሞ ግፊት ስለሌለ አታፈስም። ካርቶኔ ደረቅ የሆነው ለዚህ ነበር።

ቱርቦን የሚያሽከረክረው የጭስ ማውጫው ትኩስ ጋዝ ነው። ዘንጉ በዘይት ይለሰልሳል። በሁለት ቀጫጭን ጎማዎች ደግሞ ኩላንት፣ ማለትም ከራዲያተር የሚመጣው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ገብቶ ይወጣል። ሞተር ሲጠፋ የዘይቱ ዝውውር ወዲያው ይቆማል። ኩላንቱ ግን የሞቀው ወደ ላይ፣ የቀዘቀዘው ወደ ታች እያለ ለጥቂት ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ሙቀቱንም ይዞ ይወጣል። ኩላንት ከጎደለ ዘይቱ እዚያው ዘንጉ ላይ ያርራል።

ከዚህ የባሰው ግን ግፊቱ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ተራ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት አፍኖ ስለሚይዝ ነው ውሃው ቶሎ የማይፈላው። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ፍሳሽ ካለች ግን ውሃም ግፊትም ታሳጣለች። ኩላንቱ በውሃ እየተተካ ሄዶ ግፊቱም ሲያመልጥ፣ ዳገት ላይ መፍላቱ አይቀርም። ቴስታታ የሚሰነጠቀውም ያኔ ነው።

ጎማዋን ለመለወጥ ሁለት ጊዜ ደክሜያለሁ። መጀመሪያ የሄድኩበት መለዋወጫ ሱቅ በሜትር የሚቆረጥ ጥቁር ጎማ ሸጠልኝ። "ያው ጎማ ነው" አለኝ። ያው አይደለም። የነዳጅ ጎማ ነበር። ቦታው ጠምዛዛ ስለሆነ ስናጥፈው ታንቆ ተጣበቀ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥም አብጦ ለስልሶ አገኘሁት። ለኩላንት የሚሠራው ጎማ ሙቀት ይችላል፣ ዘይት ግን ይጎዳዋል። ለነዳጅ የሚሠራው ዘይት ይችላል፣ እንዲህ ያለ ሙቀትና ኩላንት ግን አይሆነውም። ሲታዩ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ሁለተኛ ጊዜ አሮጌውን ጎማ በእጄ ይዤ ሶማሌ ተራን ዞርኩና እንደ ቦታው ሆኖ የተጠመዘዘውን አገኘሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ሠራነው። መኪናዋ ከዓርብ ማታ ጀምራ ቆማ ነበር። ይህን አጠብቄ እናገራለሁ፦ የሞቀ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም። ፊቱ የተላጠ ረዳት በዓይኔ አይቻለሁ። ኩላንቱን ከራዲያተሩ ሥር ሳፋ ውስጥ አወረድነው። የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮው ብሎኖች ዝገው ስለነበር ማታውኑ ዝገት ማላቀቂያ ነፍተንባቸዋል። አሮጌዋ ጎማ እንደ ቋንጣ ደርቃ ጎንበስ ሲያደርጓት ትሰነጠቅ ነበር። በፒንሳ ጠምዝዘን አልጎተትናትም፤ የምትገባበት ቧንቧ ቀጭን ስለሆነ ይጣመማል። በምላጭ ከላይ ወደ ታች ሰንጥቀን ላጥናት። ቧንቧው ላይ የቀረውን ነጭ ቅርፊት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አጸዳን። አዲሱን ጎማ ለማስገባት ውስጡን በኩላንት አራስነው። ዘይትም ግራሶም አልነካንም። ማሰሪያውን የፋብሪካውን ባለ ሞላ መለስን፤ ጎማው ሲሞቅና ሲበርድ አብሮት ስለሚለጠጥና ስለሚሰበሰብ በካቻቢቴ ከሚጠብቀው ይሻላል።

ሲሞላ ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ ደግሞ ለባትሪ የሚሸጠውን ንጹህ ውሃ አደረግን። አሲዱን ማለቴ አይደለም። የውስጥ ማሞቂያውን ከፍተን፣ ክዳኑን ሳንዘጋ ሞተሩን በዝግታ አሠራነው። አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ። መጠኑ ዝቅ ባለ ቁጥር እየጨመርን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየን።

የወረደውን ኩላንት ቦይ ውስጥ መድፋት የለመድነው ነገር ነው። መርዝ ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ ይልሰዋል፣ ይሞታልም። በሃይላንድ ጠርሙስ አድርገው ሱቅ በር ላይ የሚያስቀምጡም አይቻለሁ። አረንጓዴ፣ የሚያምር መጠጥ ይመስላል። ልጅ ያነሳዋል፤ እባካችሁ ተዉት።

ጋራዥ ያላችሁን የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በራዲያተር አፍ ላይ ተገጥሞ ግፊት የሚሞላ የእጅ ፓምፕ አለ። የግፊት መለኪያው መርፌ ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ስለሚሠራ ጠብታው አይተንም፣ በዓይን ይታያል። ቴስታታ ይውረድ ከማለታችሁ በፊት ይህን አድርጉልን። መለዋወጫ የምትሸጡም ጎማው ለነዳጅ ይሁን ለኩላንት ጥቅሉ ላይ ጻፉልን። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያሉን አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው። እናንተም አዘጋጆች ለባለመኪናው የሚሆን አንዲት ጥግ ብትሰጡን ደስ ይለኛል።

ጎማው ከተለወጠ ሰባት ወር ሆኖታል። በኩላንት ማጠራቀሚያው ላይ በማርከር መስመር አስምሬያለሁ። ባለፈው ሐሙስ ከጅማ ተመልሼ፣ አሳድሬ ጠዋት አየሁት። መስመሩ ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከኮተቤ