ፊውዙን ከባትሪው አታርቁት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ መኪና ሙዚቃ ሲወራ ሁሌም ወሬው ስለ ዋት ነው። ሽቦውን የሚያነሳ የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ እሱ ነው።

አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) እና ሳብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) አስገጠምኩ። ሞተሩ ሲነሳ ከስፒከሩ "ዚይይ" የሚል ድምፅ ይመጣል። ነዳጅ ስረግጥ አብሮ ይቀጥናል። የኋላውን ምንጣፍ ገልጬ አየሁ። የኔጌቲቩ ሽቦ የታሰረው ኤሌክትሪክ በማያሳልፈው የመኪናው ብረት ቀለም ላይ ነው! ብረቱ እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ መልሼ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ጩኸቱ ጠፋ።

ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲበዛ ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጠው ፊውዝ ያለው ከኋላ፣ አምፕሊፋየሩ አጠገብ ነበር። ከባትሪው እስከዚያ የሚመጣው ወፍራም ሽቦ መከላከያ የለውም ማለት ነው። መሃል ላይ ተልጦ የመኪናውን ብረት ቢነካ እሳት ነው። ይህ ፊውዝ የሚገባው ሽቦውን ለማዳን ስለሆነ ከባትሪው ከ45 ሴንቲሜትር በላይ መራቅ የለበትም። በ12 ቮልት 1000 ዋት ለማግኘት ከ80 አምፒር በላይ ይፈሳል። ቀልድ አይደለም።

ገጣሚዎች፣ እባካችሁ ሽቦው በብረት ቀዳዳ ሲያልፍ ቀዳዳውን ጎማ አልብሱት። ባለመኪናዎችም ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ኮፈኑን ከፍታችሁ ፊውዙን በዓይናችሁ እዩት።

አንባቢያችሁ