«ሲስተም የለም» ከማለታችን በፊት ፕሮግራሞቻችን መዝገብ ይያዙ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባንክ፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም የአገልግሎት ክፍያ መስኮት ፊት ቆሞ «ሲስተም የለም» የሚል መልስ ያልሰማ የከተማ ነዋሪ አለ ብዬ አላምንም። በጉዳዩ ላይ የሚቀርቡት አቤቱታዎች አብዛኛውን ጊዜ የኔትወርክንና የመብራትን መቆራረጥ የሚያነሱ ናቸው፤ ተገቢም ናቸው። እኔ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ፕሮግራም በመጻፍና የተበላሸ ፕሮግራም በመጠገን የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ከመቋረጡ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ሲስተሙ ከተመለሰ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። ለምን እንደቆመ፣ በየትኛው ደቂቃ እንደቆመ፣ ሲቆም የማን ገንዘብ መንገድ ላይ እንደነበረ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ ይጠፋል። ባለሙያው ሰንፎ አይደለም፤ ፕሮግራሙ የሠራውን ነገር በጽሑፍ ስላላስቀመጠ ነው። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ አንድ ሐሳብ ብቻ ለማቅረብ እወዳለሁ፦ በአገራችን ፕሮግራም መጻፍ የሚማር ሰው ሁሉ ትምህርቱን ከመጨረሱ በፊት መልእክት የሚመዘግብ አንድ ትንሽ ላይብረሪ በገዛ እጁ ሠርቶ ይውጣ።

ላይብረሪ ስል መጽሐፍ የሚነበብበትን ቤት ማለቴ እንዳልሆነ ለአጠቃላይ አንባቢ ልግለጽ። በእኛ ሙያ ላይብረሪ የሚባለው ሌሎች ፕሮግራሞች እየጠሩ የሚገለገሉበት ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ ነው። የምናገርለት ዓይነት ሥራው አንድ ነው፤ ፕሮግራሙ «ይህን ጻፍልኝ» ሲለው ሰዓቱን፣ የነገሩን ክብደትና የመልእክቱን ቃል በአንድ መስመር አድርጎ ሎግ በምንለው ፋይል ላይ ያሰፍራል። ጀማሪ ተማሪ ይህን ሥራ በተለመደው የማተሚያ ትእዛዝ ይወጣዋል፤ በየመስመሩ «እዚህ ደርሻለሁ»፣ «አሁንም እዚህ ነኝ» እያለ ስክሪን ላይ ያትማል። ለቤት ሥራ ይበቃል። ፕሮግራሙ ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ባለ ሰርቨር፣ ማለትም ሌሎች ኮምፒውተሮችን በሚያገለግል ኮምፒውተር ላይ ሌት ተቀን ሲሠራ ግን ስክሪኑን የሚያየው ማንም የለም።

የሰዓቱን ነገር በሰፊው ላንሳ፤ ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ እርሱ ነውና። ከዓመታት በፊት እሠራበት ወደነበረ አንድ ድርጅት አንድ ባለሱቅ ደውለው፣ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የላኩት ገንዘብ ከሒሳባቸው ወጥቶ ተቀባዩ ዘንድ አለመድረሱን ነገሩን። ፋይሉን ከፍቼ ረቡዕ 8 ሰዓት የሚለውን ቦታ ፈለግሁ፤ ምንም የለም። በዚያ ሰዓት የተመዘገበ ነገር እንደሌለ ስነግራቸው «ታዲያ እኔ ልዋሽህ ነው ልጄ?» አሉኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሳመላልሳቸው ከቆየሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። እርሳቸው 8 ሰዓት ያሉት በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ 2 ሰዓት ነው፤ ሰርቨሩ ደግሞ የሚቆጥረው ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው በግሪኒች ሰዓት ስለነበረ፣ የባለሱቁ ገንዘብ በፋይሉ ላይ የሰፈረው ማክሰኞ 23 ሰዓት በሚለው መስመር ነበር። መስመሩ ሁለቱንም ቀን እዚያው ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። የየት አገር ሰዓት እንደሆነ የሚናገር ምልክት ግን አልነበረውም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚያ ወዲህ የማምንበት ደንብ ይህ ነው። ፋይሉ ላይ የሚሰፍረው ጊዜ አይሶ 8601 በሚባለው ዓለም አቀፍ አጻጻፍ፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ ማለትም ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድ ተብሎ፣ መጨረሻው ላይም ከግሪኒች ያለው ልዩነት ተጨምሮበት ይጻፍ። ሁሉም መስመር በአንድ የሰዓት ቀጠና እስከተጻፈ ድረስ እንዲህ ያለው አጻጻፍ አንድ ትርፍ አለው፤ መስመሮቹን በተራ ፊደል ቅደም ተከተል ብትደረድሯቸው በጊዜ ቅደም ተከተላቸውም ይሰለፋሉ። የራሳችን 13 ወር ያለው ዘመን አቆጣጠርና ከንጋት የሚጀምረው ሰዓታችን የት ይግባ የሚል ካለ፣ መልሴ በማሳያው ላይ ይግባ ነው። ደንበኛን የሚያነጋግረው ሠራተኛ ስክሪኑ ላይ «ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የሚለውን ቢያይ ደስ ይለኛል፤ ከሥር ያለው ፋይል ግን 12 ወር ብቻ የሚያውቁ መሣሪያዎች ሁሉ የሚያነቡት ስለሆነ ጳጉሜን እየጻፈ የሚያደናግራቸው መሆን የለበትም።

ሁለተኛው ጉዳይ ክብደት ነው። ሁሉም መልእክት እኩል አይደለም፤ «ፕሮግራሙ ተነሣ» የሚለውና «ዲስኩ ሞልቷል» የሚለው በአንድ ድምፅ ሊነገሩ አይገባም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሴንድሜይል የተባለውን ኢሜይል አመላላሽ ፕሮግራም የጻፈው ኤሪክ ኦልማን ለዚያው ሥራ ሲል የፈጠረው ሲስሎግ የተባለ የምዝገባ ሥርዓት፣ መልእክቶችን ከ0 እስከ 7 በ8 የክብደት ደረጃ የሚከፍል ሲሆን፣ 0 ከሁሉ የከፋው ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ከፓይተን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ጋር አብሮ መውጣት የጀመረው የሎግ ክፍል ደግሞ በ5 ደረጃ ተወስኖ ከ10 እስከ 50 በአሥር አሥር ቆጥሯቸዋል፤ በመካከል ሌላ ደረጃ ማስገባት የሚፈልግ ቦታ እንዲያገኝ ያደርጋል። ለጀማሪ ላይብረሪ በእኔ አስተያየት አራት ይበቃሉ፦ ዝርዝር፣ መረጃ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ስህተት። ከዚያ በላይ ሲሆን ጸሐፊዎቹ ራሳቸው የትኛው የትኛው እንደሆነ መከራከር ይጀምራሉ።

እዚህ ላይ በሌላ ቋንቋ የሚጽፉ ብዙዎች እንደኛ የማይገጥማቸው አንድ ነገር አለ። የደረጃውን ስም ጸሐፊው በየቦታው በእጁ ከጻፈው አንዱ «ስህተት»፣ ሌላው «ስሕተት»፣ ሦስተኛው «ስኅተት» ይላል። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸውና አንዱን ስትፈልጉ ሁለቱ ያመልጧችኋል። ስለዚህ የደረጃው ስም በላይብረሪው ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍ፣ የታወቀ ዓይነት መልእክትም ሁሉ የራሱ ቋሚ ቁጥር ይኑረው፤ ፍለጋው በቁጥሩ ይሁን።

ከፊደላችን ሳልወጣ ስለ ርዝመትም ልጨምር። ዩኒኮድ የዓለምን ፊደላት ሁሉ ለኮምፒውተር በቁጥር የሚወክል ሥርዓት ነው፤ በተለመደው አቀማመጡ፣ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው፣ አንድ ተራ የላቲን ፊደል 1 ባይት (የኮምፒውተር የማስቀመጫ ቦታ መለኪያ) ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በ2001 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ የሰፈረው የቀድሞው የሲስሎግ ሥርዓት አንድ መልእክት ከ1024 ባይት እንዳይበልጥ ይወስን ነበር። በመልእክቱ መጀመሪያ ላይ የሚገባውን ራስጌ (ሰዓቱንና የመሰለውን) እንኳ ሳንቆጥር 1024ን ለ3 ስናካፍል 341 ፊደል ደርሶን 1 ባይት ይተርፋል፤ ያቺ የተረፈች ባይት የቀጣዩ ፊደል ሲሦ ናት። ላይብረሪው መልእክቱን በጭፍን 1024ኛው ላይ ከቆረጠው ፊደሉ ለሁለት ይሰነጠቅና በመጨረሻው ቦታ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ሣጥን ይታያል፤ አንዳንድ ጥብቅ የሆነ አንባቢ ፕሮግራም እንዲያውም ፋይሉን አላነብም ብሎ ይቆማል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመቁረጥ በፊት የፊደሉ መነሻ ባይት እስኪገኝ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ። አሥር መስመር ኮድ አይፈጅም፤ ነገር ግን በላቲን ፊደል ብቻ ሙከራ የሚያደርግ ሰው ችግሩ መኖሩንም አያውቅም።

የመብራቱ ነገር ደግሞ የእኛው ነው። ፕሮግራሞች ለፍጥነት ሲሉ የሚጽፉትን ነገር ወዲያው ዲስክ ላይ አያሳርፉትም፤ መጀመሪያ በራሳቸው ማኅደረ ትውስታ ያጠራቅሙታል፣ ከዚያም ኮምፒውተሩን ለሚያስተዳድረው ዋና ፕሮግራም፣ ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ያስረክቡታል፣ እርሱም በተመቸው ጊዜ ዲስኩ ላይ ያወርደዋል። ፕሮግራሙ በራሱ ችግር ቢወድቅ የሚጠፋው የመጀመሪያው ክምችት ሲሆን መብራት ሲጠፋ ግን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፤ የሚሄዱትም ከመቋረጡ ጥቂት ቅጽበት በፊት የተጻፉት፣ ማለትም ከሁሉ አብልጠን የምንፈልጋቸው መስመሮች ናቸው። እያንዳንዱን መስመር ወዲያው ዲስክ ላይ እንዲያርፍ ማስገደድ ይቻላል፤ ነገር ግን ፕሮግራሙን በእጅጉ ያዘገየዋል። እኔ የምመርጠው መካከለኛውን ነው፦ ተራ መልእክት ይጠራቀም፣ ከማስጠንቀቂያ በላይ የሆነ ሁሉ ግን ከነቀደመው ክምችት ወዲያው ይውረድ። ዲስኩ እንዳይሞላ ፋይሉ የተወሰነ መጠን ሲደርስ ስሙን ቀይሮ አዲስ መክፈት፣ አሮጌውንም በተራው ማጥፋት የታወቀ ነው፤ ብዙ አልሄድበትም።

አሁን ወደ ጥንቃቄው ልምጣ። ላይብረሪው ቀላል ይሁን ስል ጀማሪዎችን ላለማስጨነቅ ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መባቻ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2021፣ ሎግ4ጄ በተባለውና በጃቫ ቋንቋ በሚጻፉ ፕሮግራሞች ውስጥ እጅግ በሰፊው በሚሠራበት ላይብረሪ ላይ ይፋ የሆነው የደኅንነት ቀዳዳ በአደገኛነት ከ10 ነጥብ 10 የተሰጠው ነበር። መንሥኤውም ጥቅም ተብሎ የተጨመረ ነገር ነው፤ ላይብረሪው የሚመዘገበውን ቃል እንዲሁ መጻፍ ሲገባው፣ በውስጡ የተለየ ምልክት ካገኘ እንደ ትእዛዝ ተርጉሞ ከሩቅ ሰርቨር ነገር ይፈልግ ነበር። በመሆኑም አንድ ሰው ማይንክራፍት በተባለው ጨዋታ የውይይት ሣጥን ውስጥ አንዲት መስመር በመጻፍ ብቻ የሌላውን ኮምፒውተር ማዘዝ ይችል ነበር፤ መልእክቱ ይመዘገባል፣ መዝጋቢውም ይታዘዛል። የችሎት ጸሐፊ ተከሳሹ የተናገረውን ይጽፋል እንጂ ተከሳሹ «በሩን ክፈት» ባለ ጊዜ ተነሥቶ በሩን አይከፍትም። ከደንበኛ የመጣ ቃል ሁሉ እንደ ቃል ይቀመጥ፤ በመካከሉ የመስመር መስበሪያ (ጽሑፉን ወደ አዲስ መስመር የሚያሻግር ስውር ምልክት) ካለበትም በሌላ ምልክት ይተካ፤ አለበለዚያ ስሙን በሚጽፍበት ሣጥን ውስጥ ሐሰተኛ የሎግ መስመር ከትቶ የሚያልፍ ተንኮለኛ አይጠፋም።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን አባባል ለሎግ ስጠቅሰው ሁልጊዜ አንድ ፍርሃት ይሰማኛል፤ የሚወረሰው ነገር የይለፍ ቃልም ሊሆን ይችላልና። በሜይ 2018 እ.ኤ.አ. ትዊተር የተጠቃሚዎቹ የይለፍ ቃል ሳይመሰጠር በውስጥ ሎግ ላይ ሲጻፍ መቆየቱን ደርሶበት፣ ከ330 ሚሊዮን በላይ የሆኑት ተጠቃሚዎቹ የይለፍ ቃላቸውን ለመቀየር እንዲያስቡበት አሳስቧል። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የስልክ ቁጥርንና የሒሳብ ቁጥርን በግልጽ ፋይል ላይ መዘርገፍ የጥንቃቄ ጉድለት ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይመስለኝም። ላይብረሪው ለምሳሌ ከሒሳብ ቁጥር የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች ብቻ አስቀርቶ ሌላውን በኮከብ ቢሸፍን ባለሙያው ለፍለጋ የሚያስፈልገውን ያገኛል።

«ተዘጋጅተው በነፃ የሚገኙ ስንት ላይብረሪዎች እያሉ ለምን እንደገና እንሠራለን?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከሥራ ባልደረቦቼም ሰምቼዋለሁ። ለባንክና ለሆስፒታል ሥራ የተፈተነውን መጠቀም ይገባል፤ የተማሪ ሥራ እዚያ ይግባ አላልኩም። ነገር ግን የተዘጋጀውን የሚጠቀሙ ብዙ ወጣቶች ሲያዋቅሩት አይቻለሁ፤ ከኢንተርኔት የተቀዳውን ቅንብር ሳይቀይሩ ይለጥፋሉ፣ ሰዓቱ የየት እንደሆነ፣ ፋይሉ ሲሞላ ምን እንደሚሆን፣ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ቢጽፍ መስመሮቹ መቀላቀል አለመቀላቀላቸውን አይጠይቁም። አንድ ጊዜ በእጁ የሠራ ሰው ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

ስለዚህ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ይህን እንደ አንድ የተግባር ሥራ እንዲሰጡ እጠይቃለሁ። ሁለት መቶ መስመር ገደማ ኮድ ይበቃዋል፤ ውድ መሣሪያም ኢንተርኔትም አይፈልግም። ፈተናውን በተመለከተ፣ መምህሩ በላይብረሪው የሚገለገል አንድ ፕሮግራም ከፍቶ የአማርኛ መልእክቶች እያስጻፈ ሳለ፣ ድንገት የኮምፒውተሩን ገመድ ከግድግዳው ይንቀል። ኮምፒውተሩ ተመልሶ ሲነሣ ተማሪው ፋይሉን ከፍቶ የመጨረሻው መስመር ምን እንደሚልና በስንት ሰዓት እንደተጻፈ ያንብብለት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ
ከአዲስ አበባ