ዳኛ መትቶ አሰልጣኝ የሆነው ሰውዬ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን አለህልኝ አባዬ? ጉልበትህስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የላክሁት ብር መድረሱን እማዬ ነግራኛለች፤ ስለዚህ ዛሬ የገንዘብ ወሬ የለም። ዛሬ ለኳስ ዳኛው አባቴ አንድ የዳኝነት ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት።

እዚህ ዱባይ አብረውኝ የሚሠሩት ፊሊፒኖች ወሬያቸውም ጨዋታቸውም ቅርጫት ኳስ ነው። አብዛኞቹ ከእኔ ያጥራሉ፤ ኳሷን ሲይዟት ግን ቁመት ትዝ አይልህም። ፒቢኤ የሚሉት የባለሙያዎች ሊጋቸው ከ1975 ጀምሮ ያለ፣ በእስያም የመጀመሪያው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ)። ከመካከላቸው አንድ ጠና ያለ ሰውዬ አለ፤ ስለ ሮበርት ጃዎርስኪ ከጀመረ ሻዩ ይቀዘቅዛል እንጂ ወሬው አይቆምም።

ጃዎርስኪ አባቱ ከፖላንድ የሚወለድ አሜሪካዊ፣ እናቱ ፊሊፒናዊት ናቸው፤ በ1946 ባጊዮ ከተማ ተወለደ። አንተ ማሞ ወልዴ ማራቶን ያሸነፈበትን የ1968ቱን የሜክሲኮ ኦሎምፒክ ስንቴ አወራኸኝ! ይህም ሰው እዚያው ነበር፤ ለፊሊፒንስ ቅርጫት ኳስ ተጫውቷል።

እስከዚህ ድረስ ትወደዋለህ። አሁን ፊሽካህን አውጣ። በ1971 ሜራልኮ ለሚባል ቡድን ሲጫወት፣ ከክሪስፓ ጋር በነበረ ግጥሚያ፣ በውሳኔ ተናደደና ከጓደኛው ከአልቤርቶ ሬይኖሶ ጋር ሆኖ ዳኞቹን ደበደበ። ተሳደበ አይደለም የምልህ፤ ደበደበ። ሁለቱም የዕድሜ ልክ ቅጣት ተጣለባቸው። "ይበል!" ስትል ይሰማኛል። ታዲያ በ1973 የእስያ ሻምፒዮና ማኒላ ላይ ሲዘጋጅ ቅጣቱ ተነሣና ሁለቱም ተሰለፉ፤ ፊሊፒንስም ዋንጫውን አነሣች። ምሕረቱ የመጣው አገር ስትፈልገው መሆኑ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እኔንም ይከነክነኛል።

ከዚያ በኋላ ቶዮታ ገባ፤ በ1978 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። በ1984 ቶዮታ ቡድኑን ሲያፈርስ ተጫዋቾቹ ለሌላ ኩባንያ ተላለፉ። እሱ ግን አልሄድም ብሎ፣ ኋላ ላይ ስሙ ጂኔብራ ወደተባለው ክለብ ገባ። ጂኔብራ ጂን የሚባለው መጠጥ ስም ነው፤ እዚያ አገር ክለብ የሚጠራው በከተማ ሳይሆን በኩባንያና በሸቀጥ ነው። አትሳቅ፤ እኛም "ጊዮርጊስ" ስንል ክለቡን ይሁን ቢራውን የሚለየው የተቀመጥንበት ቦታ ነው።

በ1985 አሰልጣኝ ሆነ፤ መጫወቱን ግን አልተወም። ያው ሰው ተቀያሪ ይጠራል፣ ያው ሰው ተቀይሮ ይገባል። በዚያው ዓመት በአንድ ጨዋታ ክርን ከንፈሩን ሰነጠቀውና ሐኪም ቤት ተወሰደ። ዘጠኝ ቦታ ተሰፍቶ ተመለሰና ገባ፤ ቡድኑም አሸነፈ። "እጅ አንሰጥም" የሚለው የጂኔብራ ደጋፊ መንፈስ ሲወራ ይቺ ቀን ሳትነሣ አታልፍም። ዕድሜው ሲገፋ አብዛኛውን ሰዓት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሆኖ ያዛል፤ ሕዝቡ ስሙን እየጠራ ካልገባህ ይለዋል። 50 ዓመት ካለፈው በኋላም ማልያ ለብሷል። በእሱ አሰልጣኝነት አራት ዋንጫ መጥቷል፦ በ1986፣ በ1988፣ በ1991 እና በ1997።

ያ ጠና ያለው ባልደረባዬ ስለ ጃዎርስኪ አሰልጣኝነት ሲያወራ ከሁሉ የሚያነሣልኝ ሌሎች ያልፈለጓቸውን ተጫዋቾች እየወሰደ ተከላካይ ማድረጉን ነው። አንድ ጊዜ የተባረረ ሰው የተባረረን ቶሎ ያውቃል መሰለኝ።

ግን ዳኛ ላይ ያለው ነገር አልለቀቀውም። በ1990 ከሼል ጋር አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ለሚወስደው ዋንጫ ሲጫወቱ (ያን ጊዜ የክለቡ ስም ከጂን ወደ ሩም ተቀይሮ ነበር) በስድስተኛው ጨዋታ ዳኝነቱን ተቃውመው ሜዳውን ጥለው ወጡ። ሼል በፎርፌ ዋንጫውን ወሰደ። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ካንተ ጋር ነኝ፤ ሜዳ ጥሎ መውጣት ነውር ነው። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ቤጂንግ የእስያ ጨዋታዎች ሄደና፣ በፍጻሜው በቻይና ተሸንፎ የብር ሜዳልያ ይዞ ተመለሰ። በ1991 ደግሞ ያው ሼል ለፍጻሜ መጣ። በጨዋታ ብዛት 3 ለ 1 ተመሩ። አሁን ማን ጥሎ ወጣ? ማንም! ሦስቱንም ተከታታይ ጨዋታ አሸነፉ፤ የሰባተኛውን ማሸነፊያ ሩዲ ዲስትሪቶ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አገባት። ዳኛ የመታው ሰው በ1998 ሴናተር ተብሎ ሕግ አውጪ ሆነ፤ ይህንን እንኳ ለእናንተ ለዳኞች ልተወው።

እንግዲህ ለምን ይህን ሁሉ እንደጻፍኩ ጠርጥረሃል። ፊሽካህን ነጥቆ በአጥር የወረወረው ተማሪህ አሁን የሰፈር ልጆች ያሰለጥናል አሉ። እማዬ ነው የነገረችኝ፤ እንዳትቆጣት። ቤት ድረስ መጥቶ "ጋሼ፣ እሁድ ያጫውቱልን" ሲልህ "ሰው የለም" አስብለህ መለስከው አሉ። ያኔ ከቡድን ማስወጣትህ ልክ ነበር፤ አሁንም ልክ ነው እላለሁ። ግን ስንት ዓመቱ ነው አባዬ? ማኒላዎቹ እንኳ ሁለት ዓመት ነው የቻሉት፤ ያውም ዋንጫ ፈልገው። አንተ የምትፈልገው ዋንጫ የለም፤ ስለዚህ ያንተ ምሕረት ከእነሱ የጠራ ይሆናል።

ጉልበትህ አያስሮጥም ካልክ ወንበር ያምጡልህና ዳር ተቀምጠህ ንፋ። አዲስ ፊሽካ በሚመጣ ሰው ልኬልሃለሁ፤ ከመድኃኒቱ ጋር አንድ ላስቲክ ውስጥ ነው። ያ ልጅ ከተነጫነጨብህ ደግሞ ቴክኒካል፣ ማለትም የሥነ ሥርዓት ቅጣት፣ ስጠው፤ አሰልጣኝ ስለሆነ አትማረው።

እማዬን ሳምልኝ።

ልጅህ