ሐመል ወዴት ሄደ? የሥነ ፈለክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ 41 ሆነን ጀመርን፤ 26 ሆነን ጨረስን። በየአስራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ላብራቶሪ ውስጥ ተሰብስበናል። የግድግዳ መጽሔት ሦስት ጊዜ አውጥተናል።

አንዳንድ ወላጆች «ልጆቻችንን ኮከብ ቆጠራ ታስተምራላችሁ?» ብለው ጠይቀዋል። አናስተምርም። ግን ልጆቹ «ኮከብሽ ምንድን ነው?» ሲባባሉ ነው የሚውሉት። ጥያቄያቸውን ከመናቅ ሰማዩን ማሳየት ይሻላል።

ሕዳር መጨረሻ ላይ ከግቢው ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ ወጣን። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሰማዩ ቁልጭ ብሏል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ የተወለድኩት ሚያዝያ 2 ነው፤ ኮከቤን ሐመልን ያሳዩኝ» አለችኝ። ሐመል ከአሥራ ሁለቱ የኮከብ ቆጠራ ምድቦች አንዱ ነው፤ ስሙ የአንድ የከዋክብት ስብስብም፣ በውስጡ ያለች የአንዲት ኮከብም ነው። ሐመል የምትባለውን ደማቅ ኮከብ አናታችን አካባቢ አገኘናት። ከዚያ ስልኬ ላይ ባለው የሰማይ ካርታ የልደቷን ቀን አስገባች። በልደቷ ቀን ፀሐይ ሐመል ውስጥ መሆን ነበረባት፤ ያለችው ግን ሑት በሚባለው ጎረቤት የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው! ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። 2,000 ዓመት ወደ ኋላ መለሰችው፤ ፀሐይ ሐመል ውስጥ ገባች። ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ማን ነው የተንቀሳቀሰው?» አለች።

በቀጣዩ ሐሙስ የአያቷን እንዝርት ይዛ መጣች። ጠረጴዛው ላይ አሾረችው። ሲደክም አናቱ ቀስ እያለ ክብ ሠራ። «ምድርም እንደዚህ ናት» ብላ ለጓደኞቿ አስረዳች። ጨረቃና ፀሐይ የምድርን ወገብ ስለሚስቡ ዘንጓ ይዞራል፤ አንዱን ዙር የሚጨርሰው በ26,000 ዓመት ገደማ ነው። በ72 ዓመት አንድ ዲግሪ መሆኑ ነው። በዚህ የተነሳ በዓመቱ በአንድ ቀን ፀሐይ በከዋክብቱ መካከል የምትታይበት ቦታ ቀስ እያለ ይለወጣል። ግሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሂፓርኮስ ይህን የደረሰበት ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ነው። የምዕራባውያን ኮከብ ቆጣሪዎች ሐመልን የሚጀምሩት መጋቢት 11 አካባቢ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ ነው፤ ከዋክብቱን አይከተሉም። የሕንዶቹ ከዋክብቱን ይከተላሉ። ዛሬ ልዩነታቸው 24 ዲግሪ ያህል ደርሷል። ስለዚህ ልጅቷ ለአንዱ ሐመል፣ ለሌላው ሑት ናት። በእኛ አገር ልማድ ደግሞ ኮከብ የሚወጣው የራስና የእናት ስም ፊደል ተቆጥሮ ነው፤ ፀሐይ የት እንደነበረች አይጠየቅም። ይህን ሁሉ ራሷ ለግድግዳ መጽሔቱ ጻፈችው።

ያልተሳካልንም አለ። እንጦጦ ያሉትን ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ለማየት አስበን የመኪና ኪራይ አጣን። እስካሁን የምንጠቀመው በውሰት ባይኖኩላር ነው። ለኳስ በየዓመቱ በጀት ይያዛል፤ ይገባልም። አንድ ትንሽ ቴሌስኮፕ ግን አንዴ ከተገዛ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። የወላጅ ኮሚቴው ይህን እንዲያስብልን አጥብቄ እለምናለሁ።

እንዝርቱ ላብራቶሪው መደርደሪያ ላይ ነው። አያትየው «ይቆይላችሁ» ብለዋል።