«ገባችሁ?» ለሚሉ አሠልጣኞች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ደብረ ብርሃን ዛሬ በብርድ ልብስ ብቻ የምትታወቅ ከተማ አይደለችም። ቢራው አለ፣ ልብስ ስፌቱ አለ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከተጉለትና ከቡልጋ የመጣ ወጣት በየዓመቱ በእነዚህ በሮች ይገባል። አብዛኛው ወጣት ፋብሪካ ሲገባ ማሽን በቅርብ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። የሚቀበለው ደግሞ ሦስት ቀን አዳራሽ ውስጥ የሚቆይ ሥልጠና ነው፤ ፕሮጀክተር፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስላይድ፣ የሻይ ዕረፍት፣ የምስክር ወረቀት። በአራተኛው ቀን ማሽኑ ፊት ሲቆም እጁ ምንም አያውቅም።

ቋንቋችንም ትንሽ ያሳብቅብናል። ሥልጠና «ወሰደ» እንላለን፣ ክኒን ይመስል። ሰው ምን ወሰደ ሳይሆን አሁን ምን መሥራት ይችላል ነው ጥያቄው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለሰው ሀብት ኃላፊዎችና በየፈረቃው አዲስ ሠራተኛ ለሚያለማምዱ ባለሙያዎች ነው።

መጀመሪያ ግን ችግሩ በሥልጠና የሚፈታ መሆኑ ይታይ። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ለዚህ ሠራተኛ ጥሩ ሽልማት ቢቀመጥለት ሥራውን አስተካክሎ ይሠራዋል ወይ? ይሠራዋል ከሆነ ያጣው ዕውቀት አይደለም። የዓይን መከላከያ መነጽሩ በላብ እየደበዘዘ ስላስቸገረው አውልቆ የሚሠራን ሰው ስለ ደኅንነት ሁለት ቀን ቢያስተምሩት በሦስተኛው ቀን መልሶ ያወልቀዋል። መነጽሩ ነው መቀየር ያለበት። ለአምስት ስፌተኞች አንድ መቀስ በሚታደልበት መስመር የክር ጫፍ ሳይቆረጥ ቢቀር የሥልጠና ጉድለት የሚባል ነገር የለም። ሽልማቱ ቢቀመጥም አይችለውም የምንለው ሲሆን ብቻ ነው ወደ ሥልጠና የሚኬደው።

ወደ ሥልጠና ከተኬደ ደግሞ ስላይድ ከመክፈት በፊት ማሽኑ ዳር መቆም ያስፈልጋል። አንድ ሥራ ይመረጥና ሦስት ሰው ሲሠራው ይታይ፤ አንድ ጎበዝ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ አዲስ። ጎበዙን ብቻ ማየት ያሳስታል። ጎበዝ ሠራተኛ እጁ ያውቃል እንጂ አፉ አያውቅም፤ «እንዴት አደረግኸው?» ሲሉት «በቃ እንዲህ» ይላል። አዲሱ የሚሳሳትበትን ቦታ ማየት ነው ጎበዙ ሳይናገር የሚያልፈውን ነገር የሚገልጠው። በዚህም ምክንያት ምርጥ ሠራተኛን በቀጥታ አሠልጣኝ ማድረግ ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ ታጋሽና ለምን የሚለውን የሚናገር መካከለኛ ሠራተኛ ይሻላል።

የታየው ነገር በአንድ ገጽ የሥራ ሉህ ላይ በሦስት ዓምድ ይጻፋል፤ ዋናው እርምጃ፣ ቁልፍ ነጥቡ፣ ምክንያቱ። እርምጃ ማለት ሥራውን ወደፊት የሚያራምድ ነገር ነው። ቁልፍ ነጥብ ደግሞ ያ እርምጃ እንዲሳካ፣ ሰው እንዳይጎዳ ወይም ሥራው እንዲቀል የሚያደርገው ዘዴ ነው። በስፌት መስመር ላይ የባለ አንድ መርፌ ማሽን መርፌ መቀየርን እንውሰድ። ሥራው ትንሽ ይመስላል፣ ስህተቱ ግን ብዙ ያስከፍላል።

አንደኛ፣ ማሽኑን ማጥፋት። ቁልፍ ነጥቡ ካጠፉ በኋላም ሞተሩ እስኪቆም መጠበቅ ነው፤ የድሮው ባለ ክላች ሞተር ከጠፋ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ይሽከረከራል፣ በዚያች ቅጽበት ፔዳል የነካ እግር መርፌውን ጣት ላይ ያወርደዋል። ሁለተኛ፣ የእጅ ጎማውን ወደ ራስ እያዞሩ የመርፌ ዘንጉን እስከ መጨረሻው ከፍ ማድረግ። ሦስተኛ፣ መርፌውን በግራ እጅ ይዞ ብሎኑን በካቻቢቴ ማላላት፤ ማላላት እንጂ ማውጣት አይደለም፣ ብሎኑ ሩዝ ስለሚያህል ከወደቀ ፍለጋው ረጅም ነው። አራተኛ፣ አዲሱን መርፌ ረጅሙ ቦይ ወደ ግራ፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ወደ ቀኝ ሆኖ፣ ከላይ እስኪገታ ድረስ ማስገባት። አዲስ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። መርፌው ጥቂት ዝቅ ካለ ወይም ትንሽ ከዞረ ከታች ያለው መንጠቆ ክሩን በጊዜው አያገኘውም፤ ስፌቱ ይዘላል፣ ክር ይበጠሳል። ሠልጣኙ ግን ክሩ መጥፎ ነው ብሎ ክር ሲቀያይር ይውላል። አምስተኛ፣ ብሎኑን ማጥበቅ። ስድስተኛ፣ ክሩን ከግራ ወደ ቀኝ አስገብቶ ማሽኑ ሳይበራ ጎማውን በእጅ አንድ ዙር ማዞርና በቁራጭ ጨርቅ ላይ መሞከር፤ መርፌው ብረት የሚነካ ከሆነ በእጅ ሲዞር ይታወቃል፣ በሞተር ሲዞር ግን ይሰበራል።

መርፌው ተሰብሮ ከሆነ ሌላ ሉህ ያስፈልጋል። ስብርባሪው በሙሉ ይለቀማል፣ ወረቀት ላይ ተገጣጥሞ በፕላስተር ይለጠፋል፣ ይመዘገባል፣ ከዚያ በኋላ ነው አዲስ መርፌ የሚሰጠው። አንድ ቁራጭ ከጠፋ በዙሪያው ያለው ልብስ ሁሉ ተነጥሎ በብረት መፈተሻ ያልፋል፤ ያቺ ቁራጭ የምትገኘው በገዢው ሕፃን ቆዳ ላይ ሊሆን ይችላልና። ይህ ምክንያት ያልተነገረው ሠልጣኝ ስብርባሪውን ኪሱ ይከተዋል። ለተሰበረ መርፌ ከደመወዙ የሚቆረጥበት ከሆነማ ምክንያቱን ቢያውቅም ይደብቀዋል። ቅጣቱ ራሱ መደበቅን እያሠለጠነ ነው።

ምክንያቱ የሚጻፈው ለዚህ ነው። ቢራ ፋብሪካ ውስጥ «ኮስቲክ ሶዳውን (የሚያቃጥለውን የማጠቢያ ኬሚካል) ወደ ውኃው ጨምር» የሚል ትእዛዝ ብቻውን ይረሳል። ውኃ በኮስቲኩ ላይ ሲፈስ በአንዴ ግሎ ፊት ላይ እንደሚረጭ ያወቀ ሰው ግን ቅደም ተከተሉን አያገላብጠውም። በአንድ ሉህ ላይ ከሰባት በላይ እርምጃ ከሰፈረ ሥራው ለሁለት ይከፈል፤ ሰው በአንድ ጊዜ የሚይዘው አዲስ ነገር ጥቂት ነው።

አሰጣጡን በተመለከተ ከሰማንያ ዓመት በላይ የተፈተነ መንገድ አለ። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፋብሪካ አይተው የማያውቁ ሰዎችን ቶሎ ለማብቃት እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1945 ባካሄዱት የኢንዱስትሪ ውስጥ ሥልጠና ፕሮግራም አራት ደረጃ አስቀምጠው ነበር፤ ሠልጣኙን ማዘጋጀት፣ ማሳየት፣ ማሠራት፣ መከታተል። ፕሮግራሙ ከጦርነቱ በኋላ ጃፓን ገብቶ ዛሬ ካይዘን ለምንለው፣ ሥራን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ ለማሻሻል ለሚጥር አሠራር አንዱ መሠረት ሆኗል። የሥራ ቦታን ስለ ማደራጀት የሚናገሩትን የካይዘን አምስቱን «ማ»ዎች ግድግዳ ላይ ለጥፈን ይህን ክፍል የዘለልነው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ሲሠራበት እንዲህ ነው። አሠልጣኙ ከሠልጣኙ ጎን ይቆማል። ፊት ለፊት ከቆመ ግራው ቀኝ ሆኖ ይታያል፣ ሠልጣኙም ገልብጦ ይማራል። ሥራውን ሦስት ጊዜ ያሳያል፤ በመጀመሪያው እርምጃዎቹን ብቻ እየተናገረ፣ በሁለተኛው ቁልፍ ነጥቦቹን እየጨመረ፣ በሦስተኛው ምክንያቱን እየነገረ። ከዚያ ሠልጣኙ ይሠራል። መጀመሪያ ዝም ብሎ ይሠራል፤ ሲሳሳት አሠልጣኙ እዚያው ያርመዋል፣ ስህተት እጅ ከለመደ መንቀሉ ያስቸግራል። ቀጥሎ እርምጃዎቹን እየተናገረ፣ ከዚያ ቁልፍ ነጥቦቹን፣ በመጨረሻም ምክንያቱን እየተናገረ ይደግማል። መርፌ መቀየርን የመሰለ ሥራ በዚህ መንገድ ለአንድ ሰው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። በአንድ ማሽን ዙሪያ ከአራት ሰው በላይ ከተሰበሰበ የኋለኛው የሚያየው የፊተኛውን ማጅራት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። «ገባችሁ?» የሚለው ጥያቄ ይቅር። ይሉኝታ ባለበት አገር፣ ያውም በጓደኛ ፊት፣ «አልገባኝም» የሚል ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። «ገባን!» የሚለው የጋራ መልስ አሠልጣኙን ደስ ከማሰኘት ያለፈ ነገር አይነግረውም። በምትኩ «አሳየኝ» ይባል፤ ወይም «ስፌቱ ቢዘልብሽ መጀመሪያ ምን ታያለሽ?»። ዕድሜያቸው የገፋ ሠራተኛ ሲሆኑ «እርስዎ ቢሆኑ ከየት ይጀምራሉ?» ማለት ይቻላል፤ እርማቱም በልጆች ፊት አይሁን፣ ለብቻ ይነገራቸው። በጦርነቱ ጊዜ ፕሮግራም መሪ ቃሉ «ሠራተኛው ካልተማረ አሠልጣኙ አላስተማረም» ነበር። «ገባችሁ?» ግን ኃላፊነቱን አንሥቶ ሠልጣኙ ላይ ይጥለዋል።

የጊዜው አቀማመጥም ይታሰብበት። እ.ኤ.አ. በ1885 ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኢቢንግሃውስ በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚረሳ፣ ተራርቆ የተደጋገመ ጥናት ግን እንደሚያተርፍ አሳይቷል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ደጋግሞ ያነበበው ተማሪ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቢበልጥም ከሳምንት በኋላ የበለጠው ያነበበውን ራሱን እየፈተነ ለማስታወስ የሞከረው ነበር። ወደ እኛ ሥራ ሲመለስ፣ ሦስት ሙሉ ቀን ከማሰር ያንኑ ሰዓት ቆራርሶ በሦስት ሳምንት ላይ መበተን ይሻላል። እያንዳንዱም ክፍለ ጊዜ ባለፈው ላይ በአምስት ደቂቃ የተግባር ጥያቄ ይከፈት።

የአገራችንም ጠባይ አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ውርጭ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የደነዘዘ ጣት ክር ቋጥር ቢሉት አይታዘዝም፤ ማለዳውን ለማሳየትና ለውይይት፣ ረፋዱን ለእጅ ሥራ ማድረግ ይበጃል። በዐቢይ ጾም ብዙው ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾም ከባዱ ልምምድ ከሰዓት በኋላ አይመደብ። ከሌሊት ፈረቃ የወጣን ሰው አዳራሽ ማስቀመጥስ? ወንበር ላይ ማስተኛት ነው።

ስለ ቋንቋ ብዙ አልልም። ማኑዋሉ በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ከመጣ ሉሁ በአማርኛ ይጻፍ፣ የማሽኑም ቁልፎች ላይ የአማርኛ ምልክት ይለጠፍ። ግን በመዝገበ ቃላት አማርኛ አይሁን። ሠራተኛው ቦቢን የሚለውን ቦቢን፣ ካቻቢቴ የሚለውን ካቻቢቴ ብሎ መጻፍ ነው።

ከሥልጠናው በኋላ ያለው ጊዜ ነው በብዛት የሚጣለው። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 መጻፍ በጀመረው የሥልጠና መለኪያው አራት ነገር ይጠየቃል፤ ሠልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረ ወይ፣ ሥራው ላይ አዋለው ወይ፣ ድርጅቱስ ምን አገኘ። እኛ ዘንድ በመጨረሻው ቀን «ሥልጠናው እንዴት ነበር?» የሚል ቅጽ ተሞልቶ ፋይል ይገባል፤ ይኸውም የመጀመሪያዋ ብቻ ናት። አበል በተከፈለበት ቀን የሚሞላ ቅጽ ምን ሊል እንደሚችል የታወቀ ነው። ይልቅ በሰባተኛውና በሠላሳኛው ቀን ያንኑ ሉህ ይዞ ሠራተኛው ዘንድ መሄድና ሲሠራ እያዩ ምልክት ማድረግ ይቻላል። ከሥልጠናው በፊት ከመቶ ልብስ ስንቱ በተዘለለ ስፌት ይመለስ እንደነበር ካልተመዘገበ ግን አራተኛውን ጥያቄ ማንም ሊመልስ አይችልም።

ለአዲስ ተቀጣሪ ሕጉ ራሱ የጊዜ ሰሌዳ ይሰጣል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ሠራተኛው በ60ኛው ቀን ብቻውን መሥራት ያለበትን ሥራዎች ዘርዝሮ ወደኋላ እየቆጠሩ በየሳምንቱ መደልደል ነው። ያልሠለጠነበትን ሥራ አልቻለም ብሎ ማሰናበት ነውር ነው፤ ኪሳራውም የድርጅቱ ነው።

የፈረቃ ኃላፊው ካልተባበረ ይህ ሁሉ ውኃ ይበላዋል። ሠልጣኙ በተመለሰ ማግስት ሙሉ ኮታ ከተጣለበት አዲሱን መንገድ ትቶ ወደለመደው ይሮጣል፤ አዲስ አሠራር መጀመሪያ ላይ ያዘገያልና። ቢያንስ ለመጀመሪያው ሳምንት ኮታው ይቀነስለት፤ ይህም ከሥልጠናው በፊት ከኃላፊው ጋር በቁጥር ይስማሙበት እንጂ በኋላ ልመና አይሁን። ማን ይሠልጥን የሚለውም በአበል ተራ መወሰኑ ቀርቶ ሥራው በሚጠይቀው ይወሰን።

ሉሁ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ማሽኑ አጠገብ ይሰቀል፣ የተዘጋጀበት ቀንና ያዘጋጀው ሰው የሥራ መደብ ከታች ይጻፍበት። ሜካኒኩ የማሽኑን አሠራር የለወጠ ዕለት ሉሁም በዚያው ዕለት ይለወጥ፤ አለበለዚያ አውርዶ መጣሉ ይሻላል። ሉሁ አንድ፣ ማሽኑ ሌላ ሲሉት ያየ ሠራተኛ ቀጥሎ የሚሰቀለውንም አያነበውም።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን