ለልጄ፣ ስለ አዲሱ ኃላፊነትሽ

ውድ ልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። እኛ ሁላችን ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የላክሽውን መልእክት አባትሽ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ድምፅሽ እንደተዘጋ፣ እሁድ ሁለት ክፍል አንድ ላይ አድርገሽ እንዳስተማርሽ፣ ከተመዘገቡት አስተማሪዎች ግማሹ እንኳ እንደማይመጣ ሰማን። ይህን ሁሉ በስልክ እንዳላወራሽ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ያናድደኛል። ስለዚህ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ነገር፣ ደስ ብሎኛል። ቱሉ ዲምቱን አውቀዋለሁ። ኮንዶሚኒየሙ ልጅ በልጅ ነው። እዚያ ላለ አዲስ አጥቢያ የሕፃናት አገልግሎት አስተባባሪ መሆን ቀላል አደራ አይደለም።

ግን የተሾምሽው ልጆቹን ለማስተማር አይደለም። የሚያስተምሯቸውን ሰዎች ለማብቃት ነው። ኤፌሶን 4ን ደግመሽ አንብቢው። እረኞችና አስተማሪዎች የተሰጡት ምእመናኑ ራሳቸው አገልግሎቱን እንዲሠሩት ለማዘጋጀት ነው። አንቺ ጥሩ አስተማሪ ነሽ፣ ችግሩም እሱ ነው። ሰው ሲቀር አንቺ ትገቢያለሽ። ክፍሉ ይሞላል። የቀረው ሰውም መቅረቱ አይታወቅበትም።

እነዚያ አስተማሪዎች እንዴት እንደተመዘገቡ ስትነግሪኝ ገባኝ። መዝሙሩ ሞቅ ብሎ፣ ሰው እያለቀሰ፣ «ማገልገል የምትፈልጉ እጃችሁን አንሱ» ተባለ። እኔም ብኖር አነሳ ነበር። ሰኞ ሲመጣ ግን ሥራ አለ፣ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ የታመመ ልጅ አለ። እነሱን ሰነፍ አትበያቸው። ማንም ቁጭ ብሎ ምን እንደሚጠበቅባቸው አልነገራቸውም።

ከእንግዲህ እጅ አታስነሺ። ሰውን ለይተሽ ጠይቂ። ከአምልኮ በኋላ ማንም ሳያዛት ወንበር የምትደረድረውን እያት። ልጆች ሲያዩት ወደ እሱ የሚሮጡለትን ሰውዬ እየው። ከዚያ አጠገባቸው ተቀመጪና በግልጽ ተናገሪ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ያሉትን ልጆች፣ በወር ሁለት እሁድ፣ እስከ ፋሲካ። «እስከ ፋሲካ» የምትለዋን አትርሺ። ማብቂያ የሌለው አገልግሎት ሰው ያስፈራል። የገባበትም ሰው መውጫው ስለሚጨንቀው ስልክ ማንሳት ያቆማል። ፋሲካ ሲደርስ አመስግነሽ ጠይቂ። ይቀጥላል ወይ ያርፋል፣ ሁለቱም መልካም ነው።

የሙሴን አማት ዮቶርን ታስታውሻለሽ፣ ዘጸአት 18። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አይቶ፣ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ አለው። ሰባኪዎቻችን የሺህና የመቶ አለቆቹ ላይ ይቆማሉ። እኔ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን እወዳለሁ። ትንንሹን ነገር ራሳቸው ይፍረዱ፣ ከባዱን ወደ አንተ ያምጡ ይላል። ማለትም ሥልጣን አብሮ ይሰጥ። አንቺ ዘንድ አስተማሪዋ ከለር ለመግዛት እንኳ ካንቺ ፈቃድ ትጠይቃለች። መዝሙሩን አንቺ ትመርጫለሽ፣ ብስኩቱንም አንቺ ትገዣለሽ። ይህንን ሁሉ ልቀቂው። የታመመ ልጅ፣ የተጣላ ወላጅ፣ የሚያሳስብ ነገር ሲኖር ብቻ ወዳንቺ ይምጡ።

ስለ ሥልጠናውም እንነጋገር። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ልታዘጋጂ ነው አሉ። ከመሃል ከተማ አሠልጣኝ ይመጣል፣ ማስታወሻ ደብተር ይታደላል፣ ምሳ አለ፣ በመጨረሻ ሰርተፍኬትና ፎቶ። አልቃወምም። ምሳው በተለይ ጥሩ ነው፣ ሰው ይተዋወቃል። ግን በዚያ ቀን ማንም አስተማሪ አይሆንም። የታክሲ ረዳት መንዳት የሚለምደው ጋቢና ሆኖ እያየ፣ ከዚያ ሹፌሩ አጠገቡ ተቀምጦ መሪ እየያዘ ነው። አንዲቷን አዲስ አስተማሪ መጀመሪያ አጠገብሽ አስቀምጫት፣ ትይ። ቀጥሎ ታሪኩን አንቺ ንገሪ፣ ጥያቄውን እሷ ትጠይቅ። ከዚያ እሷ ሁሉን ትምራ፣ አንቺ ጥግ ላይ ተቀመጪ። ስትሳሳት አፍሽን ያዢ! ይቺ ነች ከባዷ። ልጆቹ ሲረብሹ አንቺን ያዩሻል፤ አንቺ ደግሞ እሷን እይ። ሲያልቅ ቁጭ ብላችሁ አሥር ደቂቃ አውሩ፦ ምን ተሳካ፣ የት ጠፋን፣ የትኛው ልጅ ዝም አለ። የሚቀጥለው እሁድ አዳራሹ ውስጥ ሆነሽ ስብከት ስሚ፣ ክፍሉን ለእሷ ተዪው።

ይህንን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ በደርግ ዘመን ከሆነው ነው የተማርኩት። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በደርግ ዘመን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ 5,000 ገደማ አባላት ነበሯት። መሪዎቿ ታሰሩ፣ ንብረቷ ተወረሰ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጦ ነጻነት ሲመጣ አባላቷ 34,000 ገደማ ደርሰው ነበር። አዳራሽ የለም፣ ማይክ የለም፣ ኪቦርድ የለም። ቤት ለቤት፣ ትንንሽ ቡድን ነበር። ሲበዛ ይከፈላል። ለተከፈለው ደግሞ መሪ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ መሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተተኪውን ያዘጋጃል። ከመሩት መካከል ሴቶችም ነበሩ።

አያትሽ ቤት የሚሰበሰበውን ቡድን ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ጫማ ደጅ አይቀመጥም፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ረከቦቱ መሃል ላይ ነው፤ ሰው ድንገት ቢገባ ቡና እየጠጣን ነው። መዝሙር በሹክሹክታ። የሚመራው ሰውዬ ብዙ አያወራም ነበር። ጥቅሱን ለአንዱ ይሰጣል፣ ጸሎቱን ለሌላው፣ ጥያቄ ማንሳቱን ለሦስተኛው። በሚቀጥለው ሳምንት ያቀያይራቸዋል። ልጅ ስለነበርኩ የማያውቀው ነገር ስላለ ዝም የሚል ይመስለኝ ነበር። ሲያስሩት ግን ስብሰባው አንድ ሳምንት እንኳ አልተቋረጠም። ሁሉም ሁሉን ሠርቶት ያውቅ ነበር።

አሁን ደግሞ አንቺ ዘንድ ስላሉት ሰዎች። ከካዛንቺስና ከፒያሳ ተነስተው ወደ ገላን ጉራና ወደ አካባቢው የመጡ ብዙ ሰዎች አሉ። ከነሱ ውስጥ በነበሩበት ቤተ ክርስቲያን ብዙ ዘመን ያገለገሉ አይጠፉም። እናንተ ጋ መጥተው ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ማንም አያውቃቸውም፣ እነሱም «እኔ እንዲህ ነበርኩ» ብለው አይናገሩም። መሸኛ ደብዳቤ ያመጡትን ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቂ፣ ቤታቸው ሂጂ። ግን በመጀመሪያው ቀን ሥራ አታሸክሚያቸው። ሰፈር አጥተዋል፣ ዕድር አጥተዋል፣ ጎረቤት አጥተዋል። ቡና ጠጪ፣ ስለ ድሮው ሰፈር ይንገሩሽ። ሥራው በኋላ ይደርሳል።

የአስተማሪዎቹ የታክሲ ገንዘብ ነገር ላይ ደግሞ አትፈሪ፣ ለሽማግሌዎች ንገሪ። ነጻ አገልግሎት ማለት ደመወዝ የለውም ማለት እንጂ ከኪስ እያወጡ ማገልገል አይደለም። ከአቃቂ ሁለት ታክሲ ይዛ የምትመጣ ልጅ፣ ሥራ የሌላት፣ በወር ምን ያህል እንደምታወጣ አስቢው። አፍራ አትነግርሽም። ዝም ብላ ትቀራለች፣ እናንተም «ቀዘቀዘች» ትላላችሁ። አመሻሽ ላይ ዝግጅት ካላችሁ ደግሞ ሴቶቹ ብቻቸውን ወደ ቤት እንዳይሄዱ።

አንድ ነገር ላይ ግን ደርቀሽ ቁሚ። ማንም ትልቅ ሰው፣ ማንም፣ ብቻውን ከልጆች ጋር በተዘጋ በር ውስጥ አይሁን። ሁልጊዜ ሁለት አስተማሪ። ልጁን ያመጣው ሰው ስሙ ይመዝገብ፣ ለእሱ ብቻ ይመለስ። «እሱ እኮ መንፈሳዊ ሰው ነው» የሚልሽ አይጠፋም። ይሁን፣ መንፈሳዊው ሰውም በሩን ክፍት ያድርግ። የሚቀየም ካለ ይቀየም።

አስተማሪ ሲሳሳት ደግሞ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ አትጻፊ። ስም ባትጠሪም ሁሉም ያውቀዋል። ጵርስቅላና አቂላ አጵሎስ ሲናገር ሰምተው ጉድለቱን ለዩ። ግን ምኩራብ ውስጥ ተነስተው አላረሙትም። ወስደው ለብቻው በሚገባ ገለጡለት። ቤትሽ ጥሪያት፣ ሻይ አፍዪ፣ ከዚያ ንገሪያት።

አስተማሪዎችሽ መቼ ነው ቃል የሚሰሙት? እነሱ ከልጆች ጋር ሆነው ስብከቱ ያልፋቸዋል፣ የጌታ እራትም ያልፋቸዋል። እንዲህ እየሆነ ዓመት ቢቆዩ ይደርቃሉ። ተራ አውጪ። ተራ የሌለው አዳራሹ ውስጥ ይቀመጥ፣ አንቺም ጭምር።

የልጆች ታሪክ ሥዕሎቹን ታናሽሽ ቅዳሜ ይዞልሽ ይመጣል፣ አንዳንዶቹ ጠርዛቸው ተቀዷል፣ በፕላስተር አያይዥው። ለጉሮሮሽ ዝንጅብል ልኬልሻለሁ። በመጪው እሁድ ግን አታስተምሪ። ሁለቱን ክፍል ለማን እንደሰጠሽ ማታ ደውለሽ ንገሪኝ፣ አባትሽም ይጠይቀኛል።

እናትሽ