የደሴን የቀበሌ ቤት የፌዴራል የግዥ አዋጅ አይጠግነውም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ አዲሱ የቤት ኪራይ አዋጅና ስለ አዲሱ የመንግሥት ግዥ አዋጅ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም። በሰፈራችን ከስልክ ስልክ ሲዞር ነው የሰነበተው። የቀበሌ ቤት የሚል ቃል ያለበት ዜና እዚህ ደሴ ሳይነበብ አያልፍም።

የግል አከራዮችን በሚመለከተው ክፍል ላይ ጠብ የለኝም። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። ይህን በትክክል ጽፋችኋል። ጠቤ ከመጨረሻው አንቀጽ ጋር ነው። እዚያ ስለ እኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጋችሁ አለፋችሁ። አዋጅ ቁጥር 1333/2016 በደሴና በኮምቦልቻ የቀበሌ ቤቶችን ጥገና ያፋጥናል፣ ግዥው በኤሌክትሮኒክ ስለሚሄድ የተከራዩ ቅሬታ ይቀረፋል አላችሁ።

ከየት አመጣችሁት?

አዋጁ የፌዴራል መንግሥት የግዥና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ነው። በ2001 የወጣውን አዋጅ ቁጥር 649 ተክቶ የመጣ ነው። የሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ነው። የደሴ የቀበሌ ቤት ያለው ግን በከተማው አስተዳደር እጅ ነው። የከተማው አስተዳደር ደግሞ የክልሉ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን በጀት እንዲያዘጋጁና እንዲያስተዳድሩ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ክልላችን የራሱ የግዥ ሕግ አለው። ይህን ለማወቅ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። የአዋጁን ርዕስ እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው አይስተውም። አዋጁን ሳይገልጡ አዋጅ ማብራራት ድፍረት ነው።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ መገመት እችላለሁ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በላይ የነበሩት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ከዚያ በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ። የኪራይ ቤቶች ወራሽ ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ነው። ዘጋቢያችሁ ሁለቱንም «የመንግሥት ቤት» ብሎ አንድ ላይ ጨፈለቃቸው። ለእኛ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ለቀበሌ የደረሱት ርካሾቹ ናቸው። በጭቃና በእንጨት የተሠሩ፣ ያኔም ቢሆን አዲስ ያልነበሩ ቤቶች ናቸው። ጣሪያቸው ዛሬ ስንት ክረምት እንዳሳለፈ አስቡት።

አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ይህን ያህል ምን ያስጮሃል የሚለኝ ይኖራል። እንግዲህ ያችው ዓረፍተ ነገር ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ። ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው አዛውንት ጎረቤት አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ዘገባውን አነበበላቸው። በማግስቱ ነጠላቸውን ለብሰው፣ የልጁን ስልክ በመሐረብ ጠቅልለው ወደሚመለከተው ቢሮ ሄዱ። አብሬያቸው ነበርኩ። ስልኩን ፈተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ይኸው ወጥቷል፣ አንብበው ልጄ» አሉት። የቢሮው ወጣት ሠራተኛ አነበበ። አላናደዳቸውም፣ ጨዋ ልጅ ነው። «እማማ፣ ይሄ የፌዴራል ነው። እኛን አይመለከትም» አላቸው።

«ታዲያ ደሴ ብሎ የጻፈው ማነው?»

እሱ ምን ይመልስ? መልሱ ያለው እናንተ ጋ ነው።

ኤሌክትሮኒክ ግዥን አልቃወምም። ጨረታ ከመሳቢያ ወጥቶ ሁሉም በሚያየው መንገድ መካሄዱ ጥሩ ነው። ነገር ግን የእኛ ችግር ሰነዱ በወረቀት መሆኑ አይደለም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ጣሪያው በሐምሌ ያፈሳል፤ ስታመለክት «በጀቱ ገና አልተለቀቀም» ትባላለህ። መስከረም ላይ የግዥ ዕቅድ እየተዘጋጀ ነው ይባላል። ከዚያ ጨረታ ይወጣል። ሰነዱ ሲከፈት የቆርቆሮ ዋጋ ከተያዘው ገንዘብ በልጦ ይገኛል፣ ጨረታው ይሰረዛል። በጋው ሲገባ የጣሪያ ነገር ከሁሉም አእምሮ ይወጣል። የበልጉ ዝናብ ጥሎ ስንሮጥ ደግሞ የጥገናው ገንዘብ ለሌላ ሥራ ዞሯል። ሰኔ ላይ ሒሳብ እየተዘጋ ነው ተብለን እንመለሳለን፤ ዝናቡም አብሮን ቤት ይገባል። እኛ ስንባል የኖርነው ይህንን ነው። የዚህን ሰንሰለት የትኛውን ቀለበት ነው አዋጅ ቁጥር 1333 የሚበጥሰው?

ዘጋቢያችሁ ሊጠይቅ ይገባ የነበረው ጥያቄ ነበረ። ለአንድ ቤት ጣሪያ የሚሆን ቆርቆሮና ሚስማር ለምን ትልቅ ጨረታ ይጠብቃል? አነስተኛ ግዥ ከጥቂት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ተሰብስቦ የሚፈጸምበት መንገድ አለ። እርሳስና ወረቀት እንዲህ ይገዛል። ቆርቆሮስ ለምን አይገዛም? ሲገዛስ ጌጁ ማን ይጽፈዋል? ውፍረቱ ካልተጻፈ በዝቅተኛ ዋጋ የሚያሸንፈው ስሱ ነው። ስሱን ቆርቆሮ የጦሳ ተራራ ነፋስ ምን እንደሚያደርገው እዚህ ሕፃን ልጅ ያውቃል።

የእኔን ቤት ልንገራችሁ፣ ተከራይ ስትሉ ማንን እንደሆነ እንድታዩት። ሁለት ክፍል ነው። ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ የተወጠረ ነው። ሲዘንብ ውኃው መጀመሪያ መሐሉ ላይ ያቁራል። ከረጢቱ ይረግባል፣ እንደ ላም ጡት ይንጠለጠላል። ከዚያ በስፌቱ በኩል ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። አልጋውን ወደ በሩ እንገፋለን፣ ሳፋ እንደቅናለን። ልጆቼ ደብተራቸውን በፌስታል አሥረው መተኛት የለመዱት ገና ሳይጠነክሩ ነው። ከጓዳው በኩል ያለው ምርጊት ርሶ ሲረግፍ ማገሩ ወጣ፤ አሁን በካርቶን ሸፍነነዋል።

በራሴ ገንዘብ ልጠግን ብዬ ተነሳሁ። ፈቃድ አምጪ ተባልኩ። ፈቃድ ስጠይቅ የኪራይ ውልሽን አምጪ አሉኝ። ውሉ እነሱ ጋ ፋይል ውስጥ ነበር። ፋይሉ የት አለ ስል በ2014ቱ ጦርነት ጠፍቷል ተባልኩ። እነሱ የጠፋባቸውን ወረቀት ከእኔ ይፈልጉታል! በየወሩ የከፈልኩበትን ደረሰኝ አሳየሁ፣ አይበቃም አሉ። ጣሪያው ግን ወረቀት አይጠብቅም። ቆርቆሮ ገዝቼ ሠራተኛ አስገባሁ። አናጢው መሰላሉ ላይ እንዳለ ደንብ አስከባሪዎች መጥተው አስወረዱት፤ ያለ ፈቃድ ግንባታ ነው አሉ። የገዛሁት ቆርቆሮ ዛሬም ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አከራዩ አይጠግንም፣ ተከራዩንም አያስጠግንም። እናንተ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሆናችሁ ቅሬታው ተቀረፈ ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ይህ ያማል።

በዘገባችሁ ውስጥ አከራይ ተብሎ የተጠራው ሁሉ ግለሰብ ነው። ኪራይ የሚጨምር፣ ውል የማያስመዘግብ፣ ተከራይ የሚያስወጣ ግለሰብ። ከአገሪቱ ትልልቅ አከራዮች አንዱ መንግሥት ራሱ መሆኑ አንድም ቦታ አልተጻፈም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ የሆነ ሰው ቤቱን ለአገልግሎት እንደሚመች አድርጎ የማቆየት ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። አከራዩ የከተማ አስተዳደር ሲሆን ይህን ግዴታ እንዴት ይወጣል? ተከራዩስ ለማን ይከሳል? «ኪራዩ እኮ ትንሽ ነው» የሚለውን መልስ እናውቀዋለን። ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። ኪራዩን የተመነው ግን እኛ አይደለንም፤ ትንሽ ስለከፈልን ዝናብ ይውረድብን የሚል ሕግም የለም።

ኮምቦልቻን ከእኛ ጋር አንድ ላይ መጥራታችሁም ልክ አይደለም። ከሐረጎ ጠመዝማዛ በታች ያለው ከተማ የራሱ አስተዳደር፣ የራሱ በጀት አለው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ እዚያ የቤት ነገር ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው በግል ቤት አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት የሚከራዩት የፋብሪካ ሠራተኞች ጉዳይ ነው። ለእነሱ ያ 1320 የተባለው አዋጅ ሊጠቅም ይችላል። ስለ እነሱ ግን ምንም አልጻፋችሁም።

የምጠይቃችሁ እርማት ነው። ያችን ዓረፍተ ነገር አውጡና፣ አዋጁ የደሴን የቀበሌ ቤት ጥገና እንደማይመለከት በዚያው ገጽ ላይ፣ ሰው በሚያየው ቦታ ጻፉ። ከዚያ ዘጋቢያችሁ ሁለት ጥያቄ ይዞ ወደ ደሴ ይምጣ፦ ዘንድሮ ለቀበሌ ቤት ጥገና የተያዘው ገንዘብ ስንት ነው? ስንት ቤትስ ተጠገነበት? መልሱን ሲያገኝ ቁጥሩን እንዳለ አትሙት። ከክረምት በፊት ቢሆን ይመረጣል።

የቀበሌ ቤት ተከራይ
ደሴ፣ ሆጤ